ናይለን፣ ቴፍሎን ወይስ በብናኝ የተጠናከረ? ለኮምቦልቻ አቧራና ለደሴ ጭጋግ የሚሆን ቡሽ አመራረጥ

አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት የእህል ማበጠሪያቸውን ቡሽ በጋዜጣ ጠቅልለው ኮምቦልቻ ወደሚገኘው ቶርኖ ቤታችን መጡ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉትና «ልጄ፣ ያጠነከርከው ከልብህ ነው ወይስ ለአፍህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከሦስት ወር በፊት ተራውን ነጭ ናይለን አውልቄ በመስታወት ብናኝ የተጠናከረ ናይለን የገጠምኩላቸው እኔው ነበርኩ። ተራው ዓመት ገደማ ይቆይላቸው ነበር። ጠንካራው ሦስት ወሩን እንኳ በቅጡ አልሞላም። ይባስ ብሎ ዘንጉንም በልቶታል፤ ጥፍሬን ሳስኬድበት እንደ ሞረድ ይይዛል።

ስህተቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር። ካታሎግ ላይ የጥንካሬውን ቁጥር አይቼ ወሰንኩ እንጂ ቡሹን ምን እየበላው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ማበጠሪያው የሚያናውጠው ከአውድማ የመጣ ማሽላና ጤፍ ነው፤ ከእህሉ ጋር አፈርና ደቃቅ ጠጠር ይመጣል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት የወፍጮ፣ የማጓጓዣና የጨርቃጨርቅ ማሽን ባለቤቶች እንዲሁም አዲስ የቶርኖ ባለሙያዎች የእኔን ስህተት እንዳይደግሙ ነው። ቡሽ ስል ዘንግ የሚዞርበትን፣ ኩሽኔታ በማይገባበት ወይም በማያዋጣበት ቦታ የሚገጠመውን ቀለበት ማለቴ ነው።

ሰበቃ ሌላ፣ መበላት ሌላ

ደንበኞቻችን ብዙ ጊዜ «የሚያንሸራትተውን ስጠኝ» ይላሉ። የሚያንሸራትት ሁሉ ግን ዕድሜ የለውም። ለዚህ ከቴፍሎን የተሻለ ምስክር አይገኝም። ቴፍሎን እ.ኤ.አ. በ1938 ሮይ ፕለንኬት የተባለ የዱፖንት ኬሚስት በአጋጣሚ ያገኘው ፕላስቲክ ነው። በለሰለሰ ብረት ላይ ቀስ ብሎ ሲንሸራተት የሰበቃ መጠኑ (ሲያንስ በቀላሉ ይንሸራተታል ማለት ነው) ከ0.05 እስከ 0.1 ይደርሳል፤ ደረቅ ናይለን ደግሞ ከ0.2 እስከ 0.4 ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው ቴፍሎንን ይመርጣል። ንጹህ ቴፍሎን ግን ከፕላስቲኮች ሁሉ ቶሎ ከሚበሉት አንዱ ነው።

በቁጥር እንየው። ዘንጉ 40 ሚሊሜትር ውፍረት፣ ቡሹ 40 ሚሊሜትር ርዝመት አለው እንበል። የተሸከመው 800 ኒውተን ነው፤ ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ሰው ተንጠልጥሎበታል እንደማለት ነው። ጭነቱ ለርዝመትና ውፍረት ብዜት ሲካፈል ግፊቱ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 0.5 ኒውተን ይሆናል። ዘንጉ በደቂቃ 200 ጊዜ ቢዞር የላዩ ፍጥነት በሰከንድ 0.42 ሜትር ነው፤ በሰዓት 1,500 ሜትር ያህል ይንሸራተታል ማለት ነው። የሚበላው ውፍረት የሚገኘው ግፊቱን በተንሸራተተበት ርቀትና በቁሱ የመበላት መጠን በማባዛት ነው። ንጹህ ቴፍሎን በእያንዳንዱ ኒውተን ሜትር ከአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ አምስት ያህል ይበላል፤ ስናባዛው በሰዓት 0.37 ሚሊሜትር ይሆናል። ከጠዋት እስከ ምሳ ቡሹ አለቀ! በነሐስ ወይም በካርቦን ብናኝ የተጠናከረው ቴፍሎን ሲሆን የመበላት መጠኑ ወደ ሚሊዮንኛ አንድ ይወርዳል፤ በ1,000 ሰዓት 0.75 ሚሊሜትር ብቻ ማለት ነው። ሰበቃው ግን እምብዛም አልተለወጠም፤ እንዲያውም ትንሽ ሊጨምር ይችላል።

ከዚሁ ጋር አንድ ቁጥር ይያዙ፤ የግፊትና የፍጥነት ብዜት ነው። በምሳሌያችን 0.5 ሲባዛ በ0.42 ወደ 0.21 ይመጣል። ደረቅ ናይለንና አሴታል (ሌላው ጠንካራ የማሽን ፕላስቲክ) የሚችሉት እስከ 0.1 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ይግላሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ከዘንጉም ይጣበቃሉ። የተጠናከረ ቴፍሎን 0.35ን ይሸከማል። ምክንያቱ በአብዛኛው ሙቀት ነው። ብረት ሙቀትን ከቴፍሎን ሁለት መቶ ጊዜ ያህል የተሻለ ያስተላልፋል፤ በፕላስቲክ ቡሽ ውስጥ የተፈጠረ ሙቀት መውጫ ያጣል። የነሐስ ብናኝ አንዱ ውለታው ይህን መንገድ መክፈቱ ነው።

ዘንጉ እንደ ምጣድ ይሟሻል

ብናኙ ይህን ሁሉ ለውጥ የሚያመጣው እንዴት ነው? ሰፊው ግምት «ጠንካራ ስለሆነ ጭነቱን ይሸከማል» የሚል ነው። ከፊል እውነት አለው። ዋናው ነገር ግን ዘንጉ ላይ ነው ያለው።

አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ካልሟሸ እንጀራው ይያዛል። በደንብ ሲሟሽ ስስ ጥቁር ሽፋን ይይዝና እንጀራው በራሱ ይነሣል። የፕላስቲክ ቡሽም መጀመሪያ ላይ ከራሱ ትንሽ እየፈቀቀ የዘንጉን ደቃቅ ጎድጓዶች ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚንሸራተተው ፕላስቲክ በብረት ላይ ሳይሆን ፕላስቲክ በራሱ ሽፋን ላይ ይሆናል። ንጹህ ቴፍሎን ይህን ሽፋን የሚጥለው በወፍራም ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱ አይይዝም፣ ይላቀቃል፣ ሌላ ይጣላል፤ ቡሹ እንዲሁ ያልቃል። ብናኝ ሲገባበት ትልልቁ ቅርፊት መላቀቁ ይገታል፤ የሚሻገረው ስስ ይሆንና ከብረቱ ጋር አጥብቆ ይያያዛል።

ለዚህ ነው አንድ ቡሽ በሠራ በሳምንቱ ስንፈታው ዘንጉ ላይ ግራጫ ወይም ቡናማ የሆነ፣ በጨርቅ ቢያሹት የማይለቅ አንጸባራቂ ቀለበት የሚታየው። ረዳቴ ይህን አይቶ የብርጭቆ ወረቀት አነሣ፤ «ቆሽሿል፣ ልጥረገው» ብሎ። እጁን ያዝኩት። እንደገና ማሟሸት ማለት እንደገና ከቡሹ መክፈል ነው። ዘንጉ ሲሠራ ግን ልስላሴው ወሳኝ ነው። ሻካራ ከሆነ ቡሹን ይሞርደዋል። እንደ መስታወት ከተወለወለ ደግሞ ሽፋኑ የሚይዝበት ያጣል። ከ0.2 እስከ 0.4 ማይክሮሜትር የሆነ ሻካራነት ለአብዛኛው ሥራ ይስማማል።

የትኛው ብናኝ ለየትኛው ቦታ

ነሐስ። ቴፍሎን ውስጥ ከ40 እስከ 60 በመቶ በክብደት ይገባል። ብዙ ቢመስልም ነሐስ ከባድ ስለሆነ 60 በመቶው በመጠን ሲለካ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ሙቀት ያስወጣል፣ ቴፍሎን በጭነት እንደ ሊጥ እንዳይፈስ ይይዛል። ውኃና አሲድ ባለበት ግን አላስገባውም።

ካርቦንና ግራፋይት። ለብዙ ሥራ የምመርጠው ይህን ነው። ዘንጉን አይጎዳም፣ ውኃ ውስጥም ይሠራል። ግራፋይት እንዲያንሸራትት ከአየሩ ትንሽ እርጥበት ይፈልጋል፤ ደሴ ላይ ይህ አያሳስብም፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በራፍ ያንኳኳል።

ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ። እንደ ግራፋይት የሚያንሸራትት ጥቁር ዱቄት ነው። በጥቁሩ ናይለን ውስጥ ያለው ይህ ነው፤ ጥቂት በመቶ ብቻ ይገባል። ከግራፋይት በተቃራኒ የሚወደው ደረቅ ቦታ ነው። ጥቁሩን ናይለን ከነጩ የተለየ ተአምር አድርገው የሚሸጡ አሉ፤ እኔ በደረቅ ሥራ ላይ መጠነኛ ብልጫ እንጂ ተአምር አላየሁበትም።

መስታወት። በውኃ ውስጥ ደኅና ነው፣ የሚጨምረው ጥንካሬም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ለስላሳ ብረትን፣ አሉሚኒየምን፣ ተራ ስቴንለስን ይበላል። ዘንጉ ሙቀት ተሰጥቶት ካልጠነከረ በስተቀር አይግጠሙት። የወፍጮ ቤቱ ዘንግ ተራ ብረት ነበር።

ከእነዚህ ሌላ እጅግ ደቃቅ የሆኑ የአሉሚና ብናኞች አሉ፤ መጠናቸው በናኖሜትር ይለካል። በቴፍሎን ውስጥ ከ1 እስከ 5 በመቶ ብቻ ገብተው በቤተ ሙከራ መበላትን ከሺህ እጥፍ በላይ ቀንሰዋል። የሚያስደንቅ ነው፤ ሆኖም በቶርኖ ቤታችን ደጃፍ ገና አላለፈም፣ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

ጨርቃጨርቅ ላይ ምርጫው ሌላ መልክ አለው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ከሽመና ማሽን አጠገብ ላለ ዘንግ በግራፋይት የተጠናከረ ቡሽ ገጥመን ሥራው ግሩም ነበር፤ ሰበቃው ዝቅተኛ፣ ዘንጉ ንጹህ። ሁለት ቀን ቆይቶ ነጩ ጨርቅ ላይ እንደ ጥላሸት ያለ ስስ ጥቁር መስመር ታየ። ከቡሹ የሚረግፈው ዱቄት ነበር። በነጭ ጨርቅ አካባቢ ነጭ ነገር ያስፈልጋል፤ ጭነቱ ከፈቀደ ቴፍሎን የተቀላቀለበት አሴታል፣ ዘንጉ ጠንካራ ከሆነ በመስታወት የተጠናከረ ቴፍሎን። ግራሶ እዚያ አካባቢ አይታሰብም፤ ጨርቁን ከማቆሸሹ በላይ የጥጥ ብናኝን ይሰበስብና እንደ ስሚንቶ ያጋግረዋል።

በማቅለሚያ ክፍል ደግሞ ሙቅ ውኃ፣ ካስቲክ ሶዳና አሲድ አለ። ናይለን ያብጣል፤ አሲድ ነሐስን፣ ካስቲክ ሶዳ መስታወትን ያጠቃል። ካርቦን ያለበት ቴፍሎን ይቆያል። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ በታች ከሆነ ደግሞ ከዚህ በታች የማነሣው ርካሹ ፖሊኢትሊን ይበቃል።

አቧራ ሲገባ ሒሳቡ ይገለበጣል

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ንጹህ ቡሽ በንጹህ ዘንግ ላይ ሲንሸራተት ነው። ጠጠርና አፈር መሐል ከገቡ ሽፋን የሚባል ነገር አይቆምም፤ እየተጠረገ ይሄዳል። ያኔ ቁሱ የሚቆየው መቦጨቅን በመቋቋም ብቻ ነው።

መቦጨቅን ለመገመት ሁለት ቁጥሮችን ማባዛት ይበቃል፦ ቁሱ ሲጎተት የሚችለውን ኃይልና ከመበጠሱ በፊት የሚለጠጠውን መጠን። ብዜቱ ሲበዛ መበላቱ ይቀንሳል። ተራ ናይለን 80 ሜጋፓስካል ያህል ይችላል፣ 50 በመቶም ይለጠጣል፤ ብዜቱ 4,000 ነው። በመስታወት የተጠናከረው ጥንካሬው ወደ 150 ቢያድግም የሚለጠጠው 3 በመቶ ብቻ ነው፤ ብዜቱ 450። ቁጥሮቹ እንደ አምራቹ ይለያያሉ፣ ልዩነቱ ግን ማበጠሪያው ላይ የደረሰብንን በደንብ ያስረዳል። ከዚህ ላይ ከቡሹ የተነቀለ እያንዳንዱ የመስታወት ቅንጣት ራሱ ጠጠር ሆኖ ዘንጉን ይፈጫል።

ስለዚህ ለአቧራማ ሥራ ምርጫዬ ምንም ያልተጨመረበት፣ ከፍተኛ ሞለኪውላዊ ክብደት ያለው ፖሊኢትሊን ነው። ሲነኩት ሰም ሰም የሚል፣ ከውኃ የቀለለ፣ ከ300 በመቶ በላይ የሚለጠጥ ነጭ ፕላስቲክ ነው። ድክመቱ ሙቀት ነው፤ በ135 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከ80 በላይ ሲሆን ይዝላል። በጭነትም ቀስ በቀስ ይዋጣል። ለማበጠሪያ፣ ለእህል መውረጃ አሸንዳ፣ ቀስ ብሎ ለሚዞር ማጓጓዣ ግን የሚወዳደረው አላገኘሁም። ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለአባባ የገጠምኩት እሱን ነው፤ ከነአዲሱ ዘንግ፣ ከነአቧራ መከላከያው፣ በእኔ ወጪ።

ብናኝ በአቧራማ ሥራ ፈጽሞ አይረዳም ማለቴ አይደለም። ድንጋይና አሸዋ የሚወርድበትን ላሜራ ኢፖክሲ በሚባለው ሙጫና በሴራሚክ ቅንጣት ድብልቅ መለበጥ የታወቀ ሥራ ነው። ልዩነቱ የቅንጣቱ መጠን ነው። ጠጠሩ ከሚያርሰው ትልም የሚበልጥ ቅንጣት ጋሻ ይሆናል፤ የሚያንሰው ከሙጫው ጋር ተዝቆ ይወጣል። ቤታቸው ውስጥ የግራፋይት ዱቄት ከኢፖክሲ ጋር ቀላቅለው ቡሽ ለመሥራት የሚሞክሩ ወጣቶች ይመጡብኛል፤ ሙከራው ያስደስተኛል። ብዙ ጊዜ የሚያበላሽባቸው ዱቄቱን ሳያደርቁ መቀላቀላቸውና የአየር አረፋው ነው። ሲሰነጥቁት ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ይሆናል።

ኮምቦልቻ ላይ ልክ የሆነው ደሴ ላይ ሲጠብ

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ በክረምት ደግሞ ልብስ ለቀናት አይደርቅም። ናይለን ውኃ ይጠጣል፤ በሙሉ ሲጠጣ ተራው ናይለን 6 ከክብደቱ 9 በመቶ ያህል ይይዛል። ሁለት በመቶ ብቻ ቢጠጣ ልኩ ግማሽ በመቶ ያህል ያድጋል፤ ለ40 ሚሊሜትር ቡሽ 0.2 ሚሊሜትር ነው። ውጪው በብረት ቤት ስለተያዘ የሚያብጠው ወደ ውስጥ ነው። ሚያዝያ ላይ ኮምቦልቻ በጠባብ ልክ ተቆርጦ የሄደ ናይለን ነሐሴ ላይ ደሴ ዘንጉን አንቆ ይይዛል። ሞተሩ ጮኸ ተብሎ ኤሌክትሪሺያን ይጠራል፤ ጥፋቱ የቡሹ ነው።

በናይለን ለመቀጠል ከፈለጉ ለ40 ሚሊሜትር ዘንግ ከ0.4 ሚሊሜትር ያላነሰ ክፍተት ይተዉ። ጠበቅ ያለ ልክ ከተፈለገ አሴታል ይሻላል፤ ውኃ የሚጠጣው ከአንድ በመቶ በታች ነው። ሙቀትም አይርሱ፤ እነዚህ ፕላስቲኮች ሲሞቁ ከብረት ሰባት እጥፍ ያህል ይሰፋሉ።

ሐረጎን ካነሣሁ አይቀር፣ ቁልቁለቱን የሚወርዱ የጭነት መኪኖች የፍሬን ሸራም የዚሁ ዘር ነው፤ በፌኖሊክ ሙጫ የተያዘ የማዕድን፣ የብረትና የግራፋይት ብናኝ። እዚያ ግን የሚፈለገው ሰበቃ ነው፤ ከ0.3 እስከ 0.45 ያህል፣ ሲግልም ሳይወርድ። ሸራ ሲመርጡ «አያልቅም» የሚባለውን ይጠርጥሩት፤ ከመጠን በላይ የደረቀ ሸራ ራሱ ባያልቅ ታንቡሩን ይበላል፣ ሲግልም ይከዳል። ከ300 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ሙጫው ይቃጠላል፣ የሚከረፋው ሽታ እሱ ነው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በኮምፕረሰር አየር አይንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

የገዙት የተባለው መሆኑን ማወቅ

ነጭ ዘንግ ሁሉ ገበያ ላይ «ቴፍሎን» ነው። ከመርካቶ በቴፍሎን ዋጋ የመጣ ናይለን ስንት ጊዜ ቆርጫለሁ። እሳት የሚያስነኩ አሉ፤ አይሞክሩት። የጋለ ቴፍሎን ጭሱ መርዝ ነው፤ በቶርኖ ሲቆርጡትም ብናኙ ባለበት ሲጋራ ማጨስ አደገኛ ነው። አሴታልም ሲቃጠል ዓይንና ጉሮሮ የሚያነድ ጋዝ ያወጣል።

እኔ የምጠቀመው ሁለት ብርጭቆ ነው። አንዱ ተራ ውኃ፣ ሌላው የአፍዴራ ጨው እስኪበቃውና ከታች እስኪዘቅጥ የተበጠበጠበት ውኃ። ከዘንጉ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጬ፣ አረፋ እንዳይዛት በጣቴ አሽቼ እጥላታለሁ። በተራው ውኃ ላይ ከተንሳፈፈች የፖሊኢትሊን ወይም የፖሊፕሮፒሊን ወገን ናት። በተራው ሰጥማ በጨዉ ከተንሳፈፈች አብዛኛውን ጊዜ ናይለን ናት። በሁለቱም ከሰጠመች አሴታል፣ ቴፍሎን ወይም በመስታወት የተጠናከረ ናይለን ትሆናለች። ቴፍሎን ከውኃ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ዘንጉን በእጅ ሲመዝኑት ይታወቃል፤ በጥፍርም ይጫራል። በመስታወት የተጠናከረውን የመቁረጫው ምላጭ ይነግርዎታል፤ ወዲያው ይደንዛል።

ቡሽ ለማሠራት ሲመጡ ያረጀውን ከነዘንጉ ያምጡ፤ እባክዎ ሳያጥቡት። የውስጡ ገጽ ለስልሶ ካበራ መበላቱ የሰበቃ ነው፤ ብናኝ ያለበትን እንመርጣለን። በመስመር በመስመር ከተቦጨቀና ጥርጊያው ውስጥ አፈር ካለ ወደ ፖሊኢትሊኑ እንሄዳለን። ጠርዙ እንደ ሰም ከፈሰሰ ሙቀት ነው፤ ጭነቱንና ፍጥነቱን ቁጭ ብለን እናሰላለን። አባባ በጋዜጣ የጠቀለሉትን ቡሽ ሲያመጡ ሳያጥቡት ነበር፤ ጋዜጣው መሐል የቀረው ቀይ አፈርና ሁለት የማሽላ ፍሬ እስካሁን የመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አለ።